የተገለበጠው ፒራሚድ ከየት መጣ? በአማርኛስ እንዴት ይጻፋል?

ብራና

በየጋዜጠኝነት ትምህርቱ የሚነገረው ታሪክ አንድ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የቴሌግራፍ ሽቦ በየሰዓቱ ይቆረጥ ስለነበር ዘጋቢዎች ዋናውን ነገር ቀድመው መላክ ጀመሩ፤ የተገለበጠው ፒራሚድ የሚባለው፣ ዋናውን ከላይ አስቀምጦ ዝርዝሩን ወደ ታች የሚያወርደው የዜና አጻጻፍም ከዚያ ተወለደ ይባላል። እውነት ነው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ የተግባር ነው። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ታዲያ “ዋናውን አስቀድም” የሚለው ሕግ እንዴት ይሠራል? ታሪኩን የምታውቁ ዓመቱን ጨምራችሁ ጻፉልኝ። እንዳንደናገር ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን።

ፊደል ለቃሚ

ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ለክፍል የሚመች ተረት።

ከፒራሚዱ በፊት ምን ነበር? ዮሐን ካሮሉስ የሚባል የስትራስቡርግ ሰው ከየአገሩ የሚመጡ የዜና ደብዳቤዎችን በእጅ እያስገለበጠ ለባለጸጋ ደንበኞች ይሸጥ ነበር። ማተሚያ ቤት ገዛና በ1605 ያንኑ ደብዳቤ ማተም ጀመረ። ለከተማው ምክር ቤት ባስገባው ማመልከቻ የእጅ ግልበጣው ጊዜ እንደሚፈጅበት ጽፏል። ብዙዎች የመጀመሪያው ጋዜጣ የሚሉት ይህንኑ “ሬላሲዮን” ነው። ገጹን ብታዩት እንደ ዛሬው ለየዜናው ርዕስ የለውም፤ መግቢያም የለውም። ዜናው የተደረደረው በተጻፈበት ከተማና ቀን ነው፦ ከሮም ይህ ተጻፈ፣ ከቬኒስ ይህ መጣ እያለ ይቀጥላል። ቅደም ተከተሉን የወሰነው ፖስተኛው ነው፤ የነገሩ ክብደት አይደለም። (ጋዜጣ የሚለው ቃልም ቢሆን ቬኒስ ውስጥ ጋዜታ ከምትባል ትንሽ ሳንቲም እንደመጣ በሰፊው ይታመናል። ከዋጋው ተነሥቶ ለወረቀቱ ስም ሆነ ማለት ነው።)

ከዚያ በኋላ 200 ዓመት ያህል ማተሚያው ብዙ አልተለወጠም። በእጅ የሚጎተት መጭመቂያ በሰዓት ከ200 እስከ 250 ወረቀት ያትማል። ለውጡ የመጣው ኖቬምበር 29 ቀን 1814 ነው። የለንደኑ ዘ ታይምስ በፍሪድሪሽ ኮኒግ የእንፋሎት ማሽን ታተመ፤ ማሽኑ በሰዓት 1,100 ጋዜጣ አወጣ። ባለቤቱ አታሚዎቹ እንዳያምፁበት ማሽኑን በድብቅ ነበር ያስተከለው። የዚያን ሌሊት “ከአውሮፓ ዜና ይመጣል፣ ጠብቁ” ብሎ የእጅ አታሚዎቹን አስቀምጦ ጋዜጣውን በማሽኑ አሳተመ። ዜናው እነሱ ራሳቸው ነበሩ።

ማሽኑ ብዙ ሲያትም ብዙ ገዢ ያስፈልጋል። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1833 ኒው ዮርክ ውስጥ ዘ ሰን በ1 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ፤ ሌሎቹ 6 ሳንቲም ነበሩ። በ1836 ፓሪስ ላይ ኤሚል ደ ዢራርዳን የላ ፕረስን የዓመት ክፍያ በተለመደው በ80 ፍራንክ ፈንታ 40 አደረገው። ጉድለቱን የሚሸፍነው ማስታወቂያ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ሚዛናዊነት የሚባለው ነገር ግማሽ ሥሩ እዚህ ነው። ዓመታዊ ደንበኛ የራሱን ወገን ጋዜጣ ይገዛል። አስተዋዋቂ ግን የየትኛውም ወገን ሰው ቢያነብለት ይፈልጋል።

የዜና ወኪሎች ደግሞ ነገሩን አጠበቁት። አቫስ በ1835 ፓሪስ፣ አሶሺየትድ ፕረስ በ1846 ኒው ዮርክ፣ ቮልፍ በ1849 በርሊን፣ ሮይተርስ በ1851 ለንደን። አንድ ወኪል ያንኑ ጽሑፍ እርስ በርስ ለሚጣሉ አሥር ጋዜጦች ይሸጣል። አስተያየት ካስገባበት አምስቱ አይገዙትም።

አሁን ወደ ቴሌግራፉ። ቴሌግራፍ በቃል ያስከፍላል። በ1866 የአትላንቲክ ገመድ ሥራ ሲጀምር ለ20 ቃል 20 ፓውንድ ይጠየቅ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ቅጽል የሚጨምር ሰው የለም። ስለዚህ ቴሌግራፍ ዓረፍተ ነገሩን አሳጠረ። ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጦርነቱ ዘገባዎች አብዛኞቹ “ማለዳ ላይ ጭጋግ ነበር” ብለው ጀምረው ማን እንዳሸነፈ መጨረሻ ላይ የሚናገሩ ናቸው። ለፒራሚዱ ቀደምት ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1865 ስለ ሊንከን መገደል የጦር ሚኒስትሩ ኤድዊን ስታንተን ያሰራጨው መልእክት ነው። እሱ ደግሞ ባለሥልጣን እንጂ ዘጋቢ አይደለም። የኒው ዮርክ ጋዜጦችን ገጽ በገጽ የቆጠሩ ተመራማሪዎች ቅርጹ የተስፋፋው በ1880ዎቹ ነው ይላሉ። ጦርነቱ ካለቀ 15 ዓመት አልፎት ማለት ነው።

እኔ የበለጠ የማምነው የገጽ ማሰናጃ ጠረጴዛውን ነው። ዜናው ተለቅሞ ከአምዱ ከረዘመ አንድ ሰው መቁረጥ አለበት፤ ሰዓቱ ደርሷል፣ ጸሐፊው የለም። ከመሐል ከቆረጠ ነገሩ ይፋለሳል፣ ከታች ከቆረጠ ምንም አይሆንም። ጁላይ 3 ቀን 1886 ኒው ዮርክ ትሪቢዩን ላይ ላይኖታይፕ የሚባለው ፊደል መልቀሚያ ማሽን ሥራ ሲጀምር አንድ ሙሉ መስመር ባንድ ጊዜ ከቀለጠ እርሳስ ይወጣ ጀመር። መቁረጥ ማለት የታችኞቹን የእርሳስ ዘንጎች አንሥቶ መጣል ሆነ። ጸሐፊውም ይህን እያወቀ የሚጣለውን ወደ ታች ማውረድ ለመደ።

ዝምታ

ታዲያ ስክሪን ላይ ቦታ አያልቅም፤ እርሳሱም የለም። ቅርጹ ለምን አልሞተም? ልማድ ብቻ አይደለም ወይ?

ቀይ እስክሪብቶ

በከፊል ልማድ ነው። ግን ቆራጩ ተቀየረ እንጂ አልጠፋም። ድሮ ገጽ አሰናጁ ይቆርጥ ነበር፤ አሁን የስልኩ ማሳወቂያ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያሳይና ቀሪውን ይውጠዋል። አንባቢውም በጣቱ ይቆርጣል። ፒራሚዱ የማይስማማው ለሐተታ፣ ለምርመራ ዘገባና ለሰው ታሪክ ነው። እዚያ መጨረሻውን መጀመሪያ ላይ ከነገርከው አንባቢ ለምን ይቆያል?

ወደ ብራና ሁለተኛ ጥያቄ ልለፍ። “ዋናውን አስቀድም” ማለት ዋናውን ቃል ሳይሆን ዋናውን ዓረፍተ ነገር አስቀድም ማለት ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ቢሆን ችግር የለውም። ችግሩ አንባቢው እዚያ እስኪደርስ የሚሸከመው ጭነት ነው። ይህን ያዙ፦

“ወንዙን በማቋረጥ ሁለቱን የከተማዋን ክፍሎች የሚያገናኘውና ከተገነባ 40 ዓመት የሆነው፣ በቅርቡ በተደረገ ፍተሻ ምሰሶው ላይ ስንጥቅ የተገኘበት ድልድይ ለእድሳት ሲባል ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለሦስት ወር ለተሽከርካሪ ዝግ እንደሚሆን የመንገድ መሥሪያ ቤቱ አስታወቀ።”

32 ቃል ነው። ስለ ድልድይ መሆኑ የሚታወቀው 18ኛው ቃል ላይ ነው፤ እስከዚያ አንባቢው ባለቤት የሌላቸው ሦስት ሐረጎችን በእጁ ይዞ ይጠብቃል። የአማርኛ መግቢያ ትልቁ በሽታ ይህ ነው፦ “የሚ...”፣ “የሆነው...”፣ “የተ...” እየተባለ ስሙ ከመምጣቱ በፊት የሚከመረው ገለጻ። መድኃኒቱ ስሙን ማስቀደምና ገለጻውን ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማውረድ ነው፦

“የወንዙ ድልድይ ከሰኞ ጀምሮ ለሦስት ወር ለተሽከርካሪ ይዘጋል። ምሰሶው ላይ ስንጥቅ በመገኘቱ እንደሚታደስ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ትናንት አስታውቋል። ድልድዩ ከተሠራ 40 ዓመት ሆኖታል።”

የመጀመሪያው 8 ቃል ነው። አንባቢ ከ12 እስከ 18 ቃል ድረስ ይታገሣል፤ ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈል። ከስሙ በፊት የሚመጣ ገለጻ ከአንድ አይበልጥ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉት ስድስቱ ጥያቄዎች በሙሉ መግቢያው ውስጥ መታጨቅ አለባቸው የሚለው ትምህርት ያበላሻል። ለዚህ ዜና መግቢያው የሚፈልገው ምን እና መቼ ነው። ለምን ሁለተኛው ላይ ይመጣል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ አማራጩ መንገድ ካልተጠቀሰ ግን አንባቢው ተቆጥቶ ይሄዳል፣ እውነቱንም ነው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ስብሰባውን ዜና ማድረግ ነው። “ከፍተኛ ባለሥልጣናት የተገኙበት የምክክር መድረክ ተካሄደ።” መድረኩ ተካሂዶ ምን ተወሰነ? የተወሰነው ነገር ነው ዜናው። ምንም ካልተወሰነ ምናልባት ዜናው የለም።

ብራና

ምንጩስ? በእንግሊዝኛው “ባለሥልጣኑ እንዳሉት” የሚለው ከኋላ ቀለል ብሎ ይገባል። በአማርኛ “አስታወቀ” ብለን እንዘጋለን።

ቀይ እስክሪብቶ

ሁለት ሁኔታ ለዩ። ነገሩ የማያከራክር ከሆነ (ድልድዩ ይዘጋል) መግቢያውን በራሱ ግሥ ዝጉት፣ ምንጩን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አድርጉ። ነገሩ የአንድ ወገን አባባል ከሆነ ግን ምንጩ መጀመሪያ ይምጣ፦ “ኩባንያው እንደሚለው...”፣ “የተከሳሹ ጠበቃ እንዳሉት...”። ምንጩን ወደ መጨረሻ ካስቀሩት አንባቢው 20 ቃል ሙሉ እንደ እውነት ሲያነብ ቆይቶ ነው የማን አባባል እንደሆነ የሚያውቀው።

የግሡ ምርጫ ደግሞ ዳኝነት አለው። “አለ” እና “ተናገረ” ገለልተኛ ናቸው። “ገለጸ” ትንሽ ያጋድላል፤ የነበረን ነገር ግልጽ አደረገ የሚል ጥላ አለው። “አመነ” ጥፋት እንዳለ ይናገራል። “አጋለጠ” የተባለው እውነት መሆኑን ይፈርዳል። “አስተባበለ” ደግሞ በአንባቢ ጆሮ ውሸት መስሎ ይሰማል፤ “አይደለም አለ” ወይም “አልተቀበለውም” ማለት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው “ተባለ” ነው። “ዋጋው ሊጨምር ነው ተባለ”፣ “ተገለጸ”፣ “ተጠቆመ”። ማን አለ? ማን ጠቆመ? ግሡ ተገብሮ ሲሆን ባለቤቱ ሰዋስዋዊ ፈቃድ አግኝቶ ይጠፋል። ርዕስ ላይ “ተባለ” ካያችሁ ጽሑፉ ውስጥ ስም ፈልጉ። ካላገኛችሁ ያነበባችሁት ወሬ ነው።

ሁለተኛ ምንጭ

እዚህ ላይ አንቱታውን ጨምሩበት። ሚኒስትሩ “ተናገሩ”፣ ተጠርጣሪው “ተናገረ” ተብሎ ይጻፋል። ፍርድ ቤት ገና ምንም ሳይል ሰዋስዉ ፈርዶበታል። ማንም ሳያስተውለው በየቀኑ የሚታተም አድልዎ ነው።

ዝምታ

ይህ እኮ የአክብሮት ልማድ ነው፣ አድልዎ ማለት አይከብድም? ሌባን አንቱ እንበል ነው የምትሉት?

ሁለተኛ ምንጭ

“ሌባ” ያልከው አንተ ነህ፤ ዜናው የሚያውቀው “ተጠርጣሪ” መሆኑን ብቻ ነው። ክስ ሲመሠረት “ተከሳሽ” ይሆናል፣ ሲፈረድበት “ጥፋተኛ የተባለ”። ደረጃዎቹ አይዘለሉም። ለአንቱታው ግን ቀላሉ መንገድ አንድ ሕግ አውጥቶ ለሁሉም መጠቀም ነው፦ በስም የተጠቀሰ አዋቂ ሁሉ በአንቱታ፣ ሕፃናት በነጠላ፣ መሥሪያ ቤት በነጠላ (“ሚኒስቴሩ አስታወቀ”)። አንዳንድ ስፖርትና ኪነ ጥበብ ዴስኮች ሁሉንም በነጠላ ይጽፋሉ፤ ለሁሉም እኩል እስከሆነ ያም ያስኬዳል። የማያስኬደው ባንድ አንቀጽ ውስጥ መቀላቀሉ ነው።

የሞገድ ልጅ

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፒራሚዱን ሬዲዮ ላይ አትውሰዱት። አድማጭ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቃላት ደግሞ ጆሮው ሳይዘጋጅ ያመልጡታል፤ እዚያ ላይ አኃዝ ወይም ያልተለመደ ስም ካስቀመጣችሁ ጠፋ። ስለ ምን እንደሆነ የሚያሳውቅ የተለመደ ቃል ይቅደም፣ አዲሱ ነገር ይከተል።

ጽሑፉን ስታዘጋጁ፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ አኃዝ። 4,937 ብላችሁ አታስነብቡ፣ “ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ” ይበቃል። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ አንባቢው መሐል ላይ ይንጠለጠላል። በመስመሮቹ መካከል ለእርማት የሚበቃ ክፍተት ተዉ። ለእንግሊዝኛ የሚነገረው በደቂቃ 150 ቃል ገደማ የሚለው ልክ ለአማርኛ አይሠራም፤ የኛ አንድ ቃል ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም ተሸክሞ ይሄዳል። የሚያነበው ሰው ራሱ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ በሰዓት ይለካ፣ የጣቢያው ልክ ያ ነው።

ከዚያ ደግሞ ፊደላችን የማያሳየው መጥበቅና መላላት አለ። “ይመታል” የሚለው መቺውም ተመቺውም ሊሆን ይችላል። “አለ” ላልቶ ሲነበብ “ተናገረ” ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ “ይገኛል”። ዓይን ከአገባቡ ይለየዋል። ማይክሮፎን ፊት ያለ አንባቢ ግን ቀድሞ አይቶት ካልሆነ በተሳሳተው ጀምሮ ተመልሶ ያርማል። የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉ፤ የሰዋስው መጻሕፍትም እንዲሁ ያደርጋሉ። የሚያሻማውን ቃል መቀየር ከቻላችሁ ግን ከነጥቡ ይሻላል።

ታሪኩንም በአጭሩ ልንካው። ፒትስበርግ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ ኬዲኬኤ ኖቬምበር 2 ቀን 1920 የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት አሰራጨ፤ ጋዜጣው ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ጋዜጦች ወዲያው አጥር አበጁ። ቢቢሲ በ1922 ሲቋቋም ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ዜና እንዳያነብ ታግዶ ነበር፤ ዜናውንም ከወኪሎች ነበር የሚወስደው። አሜሪካ ውስጥ በ1933 በተደረገ ስምምነት ሬዲዮ በቀን ሁለት የአምስት አምስት ደቂቃ ዜና ብቻ ተፈቀደለት፤ የጠዋቱ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ የማታው ከሦስት ሰዓት በኋላ። የጠዋቱና የማታው ጋዜጣ ተሽጦ ካለቀ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

በዚህ ዓይን ኦክቶበር 30 ቀን 1938ን እዩት። አሜሪካዊው ተዋናይ ኦርሰን ዌልስ የማርስ ወረራን እንደ ዜና ዕወጃ አድርጎ በሬዲዮ ድራማ አቀረበ፤ በማግስቱ ጋዜጦች አገሩ በሙሉ ተሸበረ ብለው ጻፉ። ያን ምሽት 5,000 ቤቶችን በስልክ የጠየቀ የአድማጭ ቆጠራ ግን ድራማውን ሲሰሙ ያገኘው 2 በመቶውን ገደማ ነው። የደነገጠ ሰው ነበር፣ የተጋነነው ልኩ ነው። አጋናኙ ደግሞ ማስታወቂያውን ሬዲዮ የወሰደበት ጋዜጣ ነው።

(ሳልጽፈው የማላልፈው፦ ኤፕሪል 18 ቀን 1930፣ ስቅለት ላይ፣ የቢቢሲ ዜና አንባቢ “ዜና የለም” ብሎ ቀሪውን ሰዓት በፒያኖ ሙዚቃ ሞላው። ዛሬ ይህን የሚደፍር ጣቢያ ቢገኝ በየቀኑ እሰማው ነበር።)

ብራና

“ሁለት ምንጭ ይኑርህ” ይባላል። አንድ ዜና አምስት ድረ ገጽ ላይ ካየሁት አምስት ምንጭ ነው?

ሁለተኛ ምንጭ

አንድ ነው፤ አምስቱም ካንድ ወኪል ወስደውታል። ምንጭ የሚቆጠረው በአፍ ብዛት ሳይሆን በዕውቀቱ መነሻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው “ይህን እንዴት አወቅህ?” በሉት። ሁለቱም “ከሊቀ መንበሩ ሰማን” ካሉ ምንጫችሁ ሊቀ መንበሩ ብቻ ነው፣ እሱንም ገና አላናገራችሁትም። አባቶች “ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ” ያሉት ከየትኛውም መማሪያ የተሻለ ነው። የነበረውን ሰው ፈልጉ፤ ከእሱ ቀጥሎ በሰዓቱ የተጻፈ ሰነድ፤ ከዚያ የተነገረው ኃላፊ፤ ሰማሁ ባዩ መጨረሻ።

ሁለት የታወቁ ውድቀቶች አሉ፣ ሁለቱም የሚያስተምሩት የተለያየ ነገር ነው።

ታይታኒክ ኤፕሪል 15 ቀን 1912 ሰጠመች፤ ከ1,500 ሰው በላይ ሞተ። በዚያው ቀን የወጡ የማታ ጋዜጦች መንገደኞች ሁሉ መዳናቸውንና መርከቧ ወደ ሃሊፋክስ እየተጎተተች መሆኑን ጻፉ። በሰፊው የሚታመነው ማብራሪያ ሁለት የሬዲዮ መልእክቶች ተቀላቅለው ነው የሚል ነው፦ አንዱ “የታይታኒክ መንገደኞች ሁሉ ደህና ናቸው?” የሚል ጥያቄ፣ ሌላው ስለ ሌላ መርከብ መጎተት የሚናገር። ከጥያቄው ላይ የጥያቄ ምልክቱን አንሡት፣ መልስ ይመስላል። የኒው ዮርክ ታይምሱ አርታኢ ካር ቫን አንዳ ግን የድረሱልን ጥሪውን አይቶ፣ ከዚያም የመርከቧ ሬዲዮ ዝም ማለቱን አይቶ መስጠሟን ገመተና ትክክል ሆነ። ትክክል መሆኑ ግምቱን ማረጋገጫ አያደርገውም። ያዳነው የዝምታውን ሰዓት ከቀደሙት መልእክቶች ጋር ማስተያየቱ ነው።

ሁለተኛው ቺካጎ ትሪቢዩን ነው፤ ኖቬምበር 3 ቀን 1948፣ በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ማግስት፣ “ዱዊ ትሩማንን አሸነፈ”። ያሸነፈው ትሩማን ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀው ምክንያቱን ነው። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚዎች አድማ መተው ሥራ ካቆሙ ወራት ስላለፉ ገጹ በታይፕራይተር እየተጻፈ በፎቶ ነበር ወደ ማተሚያ ሰሌዳ የሚዛወረው። ይህ ጊዜ ስለሚፈጅ ገጹ ከወትሮው ሰዓታት ቀድሞ ይዘጋል፤ በሚዘጋበት ሰዓት የብዙ ግዛቶች ቆጠራ አልገባም። ወደ 150,000 ቅጂ ታተመ። ሰዓቱ ከዕውቀቱ ሲቀድም የሚጻፈው “ቆጠራው ቀጥሏል፣ እስከ እኩለ ሌሊት እገሌ ይመራል” ነው። አሰልቺ ርዕስ ነው፣ ግን ነገም ያው እውነት ሆኖ ይቆያል።

ከምንጭ ጋር የሚደረገው ስምምነትም ከቃለ መጠይቁ በፊት ይለቅ። ስሙ ከነቃሉ ይወጣል? ቃሉ ወጥቶ ስሙ ይቀራል? ለመረዳት ብቻ ነው? ወይስ ጨርሶ አይጠቀስም? “ከሪከርድ ውጭ” የሚለውን አንዱ “ስሜን አትጥቀስ” ብሎ ይረዳዋል፣ ሌላው “ምንም አትጻፍ” ብሎ። ስለዚህ ቃሉን ትታችሁ ትርጉሙን ተናገሩ። ምንጩ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ “ይህን ከሪከርድ ውጭ አድርግልኝ” ቢል ስምምነት አይባልም፣ ጥያቄ ነው።

አኃዝ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ የወጣ ነገር “2 በመቶ ጨመረ” አይባልም። የጨመረው 2 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ በመቶኛ ከተባለ 50 በመቶ ነው። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ባለጉዳዩ የሚስማማውን መርጦ ይሰጣችኋል። ሁለቱንም አኃዞች፣ 4ን እና 6ን፣ ጽፋችሁ ተገላገሉ።

ዝምታ

ሰልፍ ላይስ? አዘጋጁ 50 ሺህ ይላል፣ ፖሊስ 5 ሺህ ይላል። ሁለቱን ጠቅሶ ማለፍ ሚዛናዊነት ነው የሚባለው።

ሁለተኛ ምንጭ

ያ ስንፍና ነው፤ መለካት ይቻላል። ኸርበርት ጃኮብስ የሚባል አሜሪካዊ የጋዜጠኝነት መምህር በ1960ዎቹ ያወጣው ዘዴ አለ። ሕዝቡ የያዘውን ቦታ በካርታ ለኩ። እጅ እስኪዘረጋ ልቅ ከሆነ ለአንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ጥቅጥቅ ካለ 0.4 ገደማ ያዙ። 100 ሜትር በ30 ሜትር አደባባይ 3,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ልቅ ከሆነ 3,000 ሰው፣ ጥቅጥቅ ካለ 7,500። ታዲያ 50 ሺህ እዚያ አይገባም። ፊትና ኋላው እኩል ስለማይጠብቅ ከፍላችሁ ለኩት፤ ለሚንቀሳቀስ ሰልፍ ግን ዘዴው አይሆንም። እዚያ አንድ ቦታ ቆሞ በደቂቃ የሚያልፈውን መቁጠር ነው። አንዱ ዝናብ ነው ሲል ሌላው ፀሐይ ነው ካለ የዘጋቢ ሥራ መስኮቱን መክፈት ነው።

ብራና

ለፈተና የሚመጡት ንድፈ ሐሳቦችስ? በር ጠባቂ፣ አጀንዳ ቀረጻ... እነዚህ ከሥራው ጋር ምን አገናኛቸው?

ፊደል ለቃሚ

ከስማቸው ይልቅ የተነሡበትን ጥያቄ ብታውቁ ይቀላል።

አሜሪካዊው ምሁር ላስዌል በ1948፦ ማን፣ ምን አለ፣ በምን መንገድ፣ ለማን፣ ምን ውጤት አመጣ። ነገሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ የተቀባዩን መልስ አያሳይም፤ ትልቁ ጉድለቱ ያ ነው። ዴቪድ ማኒንግ ኋይት በ1950 አንድ የትንሽ ጋዜጣ አርታኢ ከወኪሎች የሚመጣለትን ዜና ለሳምንት አስቀምጦ የጣለበትን ምክንያት እንዲጽፍ አደረገ። የታተመው ከመጣው አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ “ቦታ የለም” ወይም የራሱ ስሜት። የሚያልፈውንና የሚቀረውን የሚመርጠውን ሰው በር ጠባቂ ማለት ከዚያ ተስፋፋ። ጋልቱንግ እና ሩገ በ1965 ዜና የሚያደርገውን በ12 ነጥብ ዘረዘሩ፦ ቅርበት፣ ያልተጠበቀ መሆን፣ የታላላቅ አገሮችና ሰዎች ጉዳይ መሆን፣ አሉታዊነት ወዘተ። ማኮምስ እና ሾው በ1972 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ መገናኛ ብዙኃን ሰው ምን እንዲያስብ ሳይሆን ስለ ምን እንዲያስብ ይወስናሉ የሚለውን ሐሳብ በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ ላይ በቁጥር ፈተነው፤ አጀንዳ ቀረጻ የሚባለው ይህ ነው።

ከአራቱ ለሥራ የሚጠቅመው የኋይት ነው። ለአንድ ሳምንት የጣላችሁትን ዜና ሁሉ ከነምክንያቱ ጻፉ፣ በሰባተኛው ቀን አንብቡት።

የሞገድ ልጅ

ፊደል ለቃሚ፣ የላይኛው ጽሑፍዎ ላይ የኮኒግ ማሽን “በሰዓት 1,100 ጋዜጣ” ይላል። ያ የወረቀት ቁጥር ነው፣ ያውም በአንድ ፊቱ ብቻ የታተመ። ጀርባውን ለማተም እንደገና ማስገባት ያስፈልግ ነበር።

ፊደል ለቃሚ

ልክ ነዎት። ጽሑፉን ዝም ብዬ አልቀይረውም፤ ያነበበው ሰው መቀየሩን ስለማያውቅ።

እርማት፦ በዚህ ገጽ የመጀመሪያ ምላሽ ላይ የ1814ቱ የእንፋሎት ማሽን በሰዓት 1,100 ጋዜጣ አወጣ ተብሎ ተጽፏል። ትክክሉ በሰዓት 1,100 ወረቀት በአንድ ፊት ነው። ስሕተቱን የጠቆመው የሞገድ ልጅ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ

እርማቱ ላይ አንዲት ጭማሪ። መጀመሪያ ምላሹ ሥርም “ታርሟል፣ ከታች ይመልከቱ” የሚል መስመር ያስገቡ። የላይኛውን ብቻ አንብቦ የሚሄደው ሰው ይበዛል።